«25 ቶን» የተባለው ክሬን 15 ኩንታል ሲከብደው

የክሬን ኪራይ ገበያ እንደ እህል ገበያ ናሙና ዘግነው የሚያዩበት አይደለም። አብዛኛው ስምምነት የሚያልቀው በስልክ ሲሆን ጥያቄውም ሁለት ነው፤ «ስንት ቶን ነው?» እና «በሰዓት ስንት?»። ደላላው ለሁለቱም መልስ አለው። ባለንብረቱ ኦፕሬተሩንና ነዳጁን ያዘጋጃል፤ ተከራዩ ቅድሚያ ክፍያውን ባንክ ያስገባል፤ ሁሉም ተደስቶ ይለያያል። ከሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንዱም ክሬኑ ዕቃውን ማንሳት ይችል እንደሆነ አይናገርም።

ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ስህተቱ በግማሽ ቀን ይታረማል። የ25 ቶኑ ካልበቃ የ50 ቶኑ ከሌላ ሰፈር ይመጣል፤ የጠፋው የአንድ ቀን ኪራይ ነው። መካነ ሰላም ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የተነሳ ክሬን ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፎ፣ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ አቋርጦ ነው የሚደርሰው። የመሄጃውም የመመለሻውም ሒሳብ በተከራዩ ላይ ያርፋል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ደግሞ መንገዱ ነገ ክፍት ይሆናል ብሎ ቀጠሮ መያዝ ራሱ ድፍረት ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ለፍቶ የደረሰ ክሬን ዕቃውን ሳያነሳ ይመለስ የሚል ሰው አይገኝም። «እዚህ ድረስ መጥቶማ!» ይባላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የክሬን አደጋ መጀመሪያው ይህች አነጋገር ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የሚነሳ ዕቃ እንደሆነ አይጠፋም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኘው መካነ ሰላም ነው። በከተማዋም ሆነ በአካባቢው የወረዳ ከተሞች ፎቅ የሚጀምር ባለሀብት አለ፤ ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተር፣ የወፍጮ ማሽን፣ የውሃ ታንከር፣ የድልድይ ቱቦ፣ ለሱቅና ለመጋዘን የሚሆን ኮንቴይነር የሚያስመጣም አለ። እነዚህ ሁሉ ከመኪና ላይ መውረድ፣ አንዳንዶቹም ፎቅ ላይ መውጣት አለባቸው። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ስለዚህም ማንም ክሬን አይገዛለትም፤ ይከራያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። አዲስ ክሬን ማስገባት በዚያው ልክ ሲከብድ አሮጌው ዕድሜው እንዲረዝም ይፈለጋል፤ መለወጥ የነበረበት የብረት ገመድም «ትንሽ ይቆይ» ይባላል።

ሚዛን የሚያውቅ ይህን ያውቃል

በመካነ ሰላም ገበያ እህል ሲመዝን የኖረ ነጋዴ የክሬንን ምሥጢር ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። በባለ ዘንጉ ሚዛን ላይ ትንሿ ብረት ወደ ዘንጉ ጫፍ በተገፋች መጠን በሌላው ወገን የተንጠለጠለውን ከባድ ጆንያ ታነሳለች። ብረቷ አልጨመረችም፤ የጨመረው ርቀቷ ነው። በክሬን ላይ የዚያችን ብረት ቦታ የያዘው የሚነሳው ዕቃ ሲሆን ጆንያው ደግሞ ክሬኑ ራሱ ነው። ዕቃው በራቀ ቁጥር ክሬኑን ከመሬት ሊያነሳው ይታገላል።

ክሬኑ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው «25» የሚሠራው ቡሙ እጅግ አጥሮ፣ እግሮቹ (ጃኮቹ) እስከ መጨረሻው ተዘርግተው፣ ዕቃውም ክሬኑ ከሚዞርበት ማዕከል 3 ሜትር ብቻ ርቆ ሲንጠለጠል ነው። የ25 ቶን ክሬን እግሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋታቸው 6 ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ደግሞ 3 ሜትር ማለት ዕቃው እግሩ ሥር ቆመ ማለት ነው። እዚያ ላይ ዕቃ የሚያነሳ ማን ነው? የመኪናው ካሶኒ አለ፣ የግንቡ አጥር አለ፣ የተቆፈረው መሠረት አለ። ሥራው የሚሠራው በ8፣ በ10፣ በ15 ሜትር ነው።

ሒሳቡን ማንም ይሠራዋል። 25 ቶን በ3 ሜትር ሲባዛ 75 ነው። ለ10 ሜትር ሲካፈል ሰባት ተኩል ቶን ይወጣል። ነገር ግን የተዘረጋው ቡም ራሱ ክብደት ስላለው ትክክለኛው ቁጥር ከዚህም ያንሳል፤ በብዙዎቹ የ25 ቶን ክሬኖች ሰንጠረዥ ላይ በ10 ሜትር የሚገኘው ከ7 ቶን በታች ነው። በ20 ሜትር ሲሆን ወደ አንድ ቶን ተኩል ይወርዳል። 250 ኩንታል ተብሎ የተከራየው መሣሪያ 15 ኩንታል ላይ ደረሰ ማለት ነው። በዚህ ላይ መንጠቆው ከነመዘውሩ ብቻውን ሁለት ሦስት ኩንታል ይመዝናል፤ ሰንሰለቱና ማሰሪያውም አለ። እነዚህ ሁሉ ከ15ቱ ላይ የሚቀነሱ ናቸው። ልብ ይሏል፣ ኪራዩ ግን አልተቀነሰም።

ወሎ ከባድ ዕቃ ያለ ክሬን ሲጓዝ አይቷል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል፣ በነጋዴ ቋንቋ 70 ኩንታል ነው። ከደብረ ታቦር ተነስቶ በ1860 ዓ.ም መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ በፊት በፊቱ እየተጠረገለት፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ ነው። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ይገኛል። ዛሬ አንድ የ25 ቶን ክሬን መቅደላ ላይ ወጥቶ ከጎኑ ቢቆም መድፉን እንደ ጆንያ ያነሳዋል። ከ12 ሜትር ላይ ላንሳ ቢል ግን መድፉ ካለበት ንቅንቅ ሳይል ክሬኑ ይገለበጣል። ቶኑ ያው፣ ክሬኑ ያው፣ የተለወጠው ዘጠኝ ሜትር ነው።

ስለዚህ ደላላውን መጠየቅ የሚገባው ቀዳሚ ነገር ሰንጠረዡ ነው። ሎድ ቻርት የሚባለው ይህ ወረቀት በኦፕሬተሩ ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ርቀቱንና የቡሙን ርዝመት አገናኝቶ ስንት እንደሚነሳ ይናገራል፤ ዕቃው በኋላ፣ በጎንና በፊት በኩል ሲነሳ ያለውን ልዩነትም ያሳያል። በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ኦፕሬተሩ ቁጥሩን በግምት የሚያነብ ከሆነ ሰንጠረዡ እንደሌለ ይቆጠራል። ከመጠን በላይ ሲጫን የሚጮኸው መቆጣጠሪያ ተነቅሎ ወይም ተዘግቶ የተገኘ ክሬን ደግሞ ከነኦፕሬተሩ ወደ መጣበት ቢመለስ ይሻላል። ጩኸቱን ያጠፋው ሰው ለምን እንዳጠፋው ያውቃል።

የዕቃውም ክብደት በግምት አይያዝም። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባዶውን 2.3 ቶን ያህል ነው፤ ሞልቶ ግን ከ20 ቶን ሊያልፍ ይችላል። «ግማሽ ነው» የሚለው ሻጭ በቦታ ግማሽ ማለቱ ይሁን በክብደት መጠየቅ ያባት ነው፤ ሚስማርና የብረት ዘንግ ወለሉን ሳይሸፍን ጣራ ድረስ ከተሞላ ስፖንጅ ይበልጣል። ታንከር ውስጥ የቀረ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ነው። ከመሠረቱ ጋር የታሰረ ቡሎን ሳይፈታ የተጎተተ ማሽን ደግሞ ክብደቱ የማሽኑ መሆኑ ቀርቶ የመሬቱ ይሆናል።

መረሬው

የዚህ አካባቢ ዋነኛ ተቃዋሚ ከሥር ነው። ከጃማ እስከ ወግዲና ከላላ ባለው ሜዳ ሰፊው ክፍል ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው ይኸው አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ እግር የረገጠበትን ሁሉ ይውጣል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከከተማ የመጣው ኦፕሬተር ግን ላያውቅ ይችላል። በተለይ የሚያሳስተው ወቅት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ላዩ ጸሐይ መትቶት ድርቅ ብሎ ይታያል፤ አንድ ክንድ ወረድ ሲሉ ገና ጭቃ ነው።

የ25 ቶን ክሬን ራሱ 30 ቶን ገደማ ይመዝናል። 6 ቶን ዕቃ ይዞ ቡሙን ወደ አንድ ማዕዘን ሲያዞር ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ የበለጠው፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት አራተኛው በአንዲት እግር ላይ ያርፋል። ይህም 25 ቶን ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። የእግሩ ጫማ ስፋቱ ከአንድ የቡና ረከቦት ብዙ አይበልጥም። በግንባታ መመሪያዎች ለስላሳ የሸክላ አፈር በካሬ ሜትር ሊሸከም የሚችለው ከ7 ቶን ተኩል በታች ተብሎ ነው የሚገመተው። እንግዲህ 25 ቶኑን በዚህ አፈር ላይ ለማሳረፍ ከሦስት ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ወፍራም ምንጣፍ በእያንዳንዱ እግር ሥር ያስፈልጋል። ረከቦቱ የት፣ ሦስት ካሬ ሜትሩ የት!

ምንጣፍ ሲባል ወፍራም ጥርብ እንጨት ጎን ለጎን ተደርድሮ በብሎን የተያያዘ፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ ወፍራም የብረት ሳህን ነው። አንዳንድ ቦታ የሚደረገው ሌላ ነው፤ ከአጥር ሥር የተገኘ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገባል፣ ወይም ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ከነክብነቱ ይጋደማል። ድንጋዩ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግንዱ ይንከባለላል። ክሬን የሚያከራይ ባለሀብት የራሱን ምንጣፍ ጭኖ መምጣቱን መጠየቅ ነውር የለበትም። ከሌለው ደግሞ ድንጋይ አስጠቅጥቆና ጠጠር አልብሶ ቦታውን ማዘጋጀት የተከራዩ ወጪ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቅ።

በከተማ ውስጥ ሌላም ጣጣ አለ። አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተደፍኖ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት ግቢ መስሎ ይኖራል። የውሃ ቧንቧ የተቀበረበት ቦይ እንዲሁ። ይህን የሚያውቀው የግቢው ባለቤት ወይም አሮጌ ጎረቤት ነው። ክሬኑ ከመቆሙ በፊት ለጎረቤት የምትቀርብ አንዲት ጥያቄ ነጻ ናት። የፎቅ መሠረት የተቆፈረበት ጠርዝ ሲሆን ደግሞ እግሩ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ከአፋፉ ይራቅ። ሦስት ሜትር ከተቆፈረ ሦስት ሜትር መሸሽ ነው፤ በመረሬ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ርቀቱ ሲጨምር ሰንጠረዡ ላይ የሚገኘው ቁጥር እንደሚወርድ ከላይ ተነግሯል። በአፋፉ ላይ የተቆጠበው ሜትር በሚዛኑ ላይ ይከፈላል፤ ያኔ ነው የ25 ቶኑ ቀርቶ የ50 ቶኑ መታዘዝ የነበረበት።

ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ነገር አለ፤ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ስለሚያጣ የክሬኑ መዘውር ይዘገያል። የመገልበጥ ሚዛኑ ግን አይለወጥም። አደጋው ኦፕሬተሩ ዝግታውን በነዳጅ መርገጫ ለመካስ ሲሞክርና ዕቃውን ሲያወዛውዘው ነው።

ሽቦውና ነፋሱ

በኢትዮጵያ ከተሞች በመንገድ ዳር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር ባብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው። ሽቦው ልባስ የለውም። በትንንሽ ከተሞች ደግሞ ሱቁም፣ መጋዘኑም፣ አዲሱ ፎቅም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ዳር፣ በዚሁ ሽቦ ሥር ነው። ኤሌክትሪኩ ቡሙን ለመያዝ መነካካት አያስፈልገውም፤ በቂ ቅርበት ካገኘ በአየር ላይ ይዘላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የክሬን ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር፣ የመስመሩ ኃይል በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ 6 ሜትር መራቅን ያዛል። ይህ ርቀት የሚለካው ከቡሙ ብቻ አይደለም፤ ከገመዱም፣ ከሚወዛወዘው ዕቃም፣ ዕቃው ሲለቀቅ ሽቅብ ከሚስፈነጠረው ቡም ጫፍም ነው። ከመሬት ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ ሰው አምስት ሜትርና ሁለት ሜትር አይለዩም፤ ለዚህ ነው ሽቦውን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው የሚቆመው።

ከሁሉ የሚሻለው መስመሩ እንዲቋረጥ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ይህ ቀን ይወስዳል። ክሬኑ ከደሴ ከመነሳቱ በፊት ካልተጠየቀ ክሬኑ ደርሶ ሲጠብቅ የኪራዩ ሰዓት ይቆጠራል፤ ያኔ «ቀስ ብለን በጎን እናሳልፈው» የሚል ሰው ይነሳል። የሚሞተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህን ያለው ሰው አይደለም፤ ኦፕሬተሩም አይደለም። ቡሙ ሽቦ ሲነካ ጎማ ላይ ባለው ክፍል የተቀመጠው ኦፕሬተር ሊተርፍ ይችላል፤ መሬት ላይ ቆሞ መንጠቆውን ወይም ዕቃውን የያዘው የቀን ሠራተኛ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ምድር የሚወርድበት መንገድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከተከሰተ ኦፕሬተሩ ካለበት አይውረድ፤ ሌላውም አይቅረብ። እሳት ተነስቶ መውረድ ግድ ከሆነ ሁለት እግር ገጥሞ ዘሎ፣ ክሬኑንና መሬቱን አንድ ላይ ሳይነኩ፣ እግርን ከመሬት ሳያነሱ እየጎተቱ መራቅ ነው። መራመድ ራሱ ይገድላል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራልና።

ነፋስን በተመለከተ አብዛኞቹ አምራቾች በሰከንድ ከ10 እስከ 14 ሜትር ሲደርስ ሥራ እንዲቆም ያዛሉ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በደጋው ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ከባዱን ሥራ ለጠዋት ይቀጥራል። ሰዎች የሚሳሳቱት ክብደት የሌለው ዕቃ አደጋ የለውም በማለት ነው። አንድ እሥር ቆርቆሮ ወይም ሰፊ የብረት በር ከባድ አይደለም፤ ሸራ ግን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1999 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ለስታዲየም ጣራ የሚሆን ከ450 ቶን በላይ ክፍል ሲያነሳ የነበረው «ቢግ ብሉ» የተባለ ግዙፍ ክሬን ወድቆ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። ነፋሱ በዚያ ሰፊ ጣራ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በሚገባ አልታሰበበትም ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን 2007 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በመካ ታላቁ መስጊድ የወደቀው ክሬን ደግሞ በዚያች ሰዓት ምንም ዕቃ አላነሳም ነበር፤ ቡሙ ግን እንደተዘረጋ ነበር የቆመው። ማዕበሉ ጣለው፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሥራ ሲያበቃ ቡም ማውረድ ጊዜ መፍጀት የሚመስለው ካለ ይህን ያስታውስ።

ሰውና ገመድ

ስለ ማሰሪያ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ግን ይበቃል። 40 ኩንታል ዕቃ በሁለት ገመድ ቀጥ ብሎ ሲነሳ እያንዳንዱ ገመድ 20 ኩንታል ይይዛል። ገመዶቹ ግራና ቀኝ ተበልጥጠው ከአግድመቱ 45 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ በያንዳንዱ ላይ 28 ኩንታል ያህል ይመጣል፤ 30 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ 40። አንዱ ገመድ ብቻውን ዕቃውን ሙሉ እንደተሸከመ ነው። አጭር ገመድ የሚገዛ ነጋዴ በገመዱ ዋጋ የቆጠበውን በዚህ ይከፍላል። ክሮቹ የተበጣጠሱ፣ የተጠማዘዘ፣ የዛገ ወይም ተቋጥሮ የተቀጠለ የብረት ገመድ አይነሳበትም።

ክሬን በትንሽ ከተማ ትርዒት ነው። ሕፃናት ይሰበሰባሉ፣ በገበያ ቀን ደግሞ አህያ የጫነ ሁሉ ቆም ብሎ ያያል፤ አስር ሰው አስር ዓይነት ምልክት በእጁ ይሰጣል። ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። «ቁም!» ማለት ግን የማንም መብት ነው፤ ኦፕሬተሩም ማንም ቁም ሲለው ይቆማል። ከተንጠለጠለ ዕቃ ሥር ማንም አይለፍ። ዕቃውን በእጅ ሳይሆን በረጅም ገመድ ከርቀት መምራት ይገባል። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የክሬኑን ጀርባ ነው፤ ቡሙ ወደ ቀኝ ሲዞር ከኋላ ያለው የሚዛን ብረት ወደ ግራ ይዞራል፤ በዚያና በግንቡ መካከል የቆመ ሰው መውጫ የለውም። ዙሪያውን በገመድ ማጠር የሁለት መቶ ሜትር ሲባጎ ዋጋ ነው።

የኦፕሬተሩን ወረቀት ማየትም ተገቢ ነው። «ልዩ ተንቀሳቃሽ» የሚለው መንጃ ፈቃድ መንገድ ላይ ያደርሰዋል፤ ሰንጠረዥ ማንበቡን ግን አያረጋግጥም። ይህን ለማወቅ ዕቃው ስንት እንደሆነና የት እንደሚያርፍ ነግሮ «ስንት ሜትር ላይ ትቆማለህ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ሰንጠረዡን ሳያይ የመለሰ ኦፕሬተር ፈተናውን ወድቋል።

ዕዳው የማን ነው?

እዚህ ላይ ባለሀብቱ ጆሮውን ያቁም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመሣሪያና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መሣሪያው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉዳቱ የደረሰው መሣሪያውን ለማንቀሳቀስ ሥልጣን ባልተሰጠው ሰው እጅ ቢሆን እንኳ። መውጫው መሣሪያው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳት ነው። «ኦፕሬተሩ አላግባብ ነው ያነሳው» ማለት ለባለንብረቱ በጎረቤቱ ግንብ ፊት መከላከያ አይሆነውም።

ተከራዩም ነጻ ነኝ ብሎ አይተኛ። በቦታው ዕቃ የሚያስሩትና ገመድ የሚይዙት ሠራተኞች የእሱ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያውቅ ማድረግንና የመከላከያ ዕቃ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጎ ይጥላል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ለአንድ ቀን የተቀጠረ መሆኑ ሠራተኛነቱን አያስቀርም። ደላላው ግን ኮሚሽኑን ይዞ ከሄደ ቆይቷል።

በኢንሹራንስ በኩል ያለው ወጥመድ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ክሬኑ ሊብሬ አለው፣ ቦሎ አለው፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለው ይባላል። ይህ ግን መንገድ ላይ ሲሄድ ነው። እግሩን ዘርግቶ ዕቃ ሲያነሳ ሥራው ሌላ፣ የሚያስፈልገውም ውል ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተሽከርካሪ መድን በዚህ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም። በአየር ላይ የተንጠለጠለው ጄኔሬተርም በስሙ ካልተጠቀሰ በቀር በየትኛውም ውል ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ከሰንጠረዡ በላይ የተነሳ ዕቃ ሲሆን ደግሞ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ሰንጠረዥ ነው።

ስለዚህ ውሉ ከአንድ ገጽ ባይበልጥም ይጻፍ። የዕቃው ክብደትና እንዴት እንደታወቀ፣ ከማዕከሉ እስከ ማረፊያው ያለው ትልቁ ርቀት፣ ከፍታው፣ መሬቱን የሚያዘጋጀው ወገን፣ ምንጣፍ የሚያመጣው ወገን፣ መብራት የሚያስቆርጠው ወገን፣ ምልክት የሚሰጠው ሰው። እነዚህ በስልክ ለባለንብረቱ ከተነገሩ እሱ ራሱ የሚልከው ክሬን ይለወጣል፤ የ25 ቶን ጠይቆ የነበረው ሰው የ50 ይባላል፣ አልፎ አልፎም የ50 የጠየቀው የ25 ይበቃሃል ይባላል። ልኬቱን ለማወቅ ደግሞ ሜትር ይዞ ግቢው ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዞር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከሁሉ የሚያከራክረው አንቀጽ የመጠባበቂያ ሰዓት ነው። ነፋስ ሲነሳ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ መብራቱ በቀጠሮው ሳይቋረጥ ሲቀር ክሬኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ማን ይክፈል? ተከራዩ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ «በቃ አንሳው» ብሎ ይጮሃል፤ ምንም የማይከፈለው ከሆነ ደግሞ ባለንብረቱ ከደሴ ሆኖ ኦፕሬተሩን በስልክ ያጣድፋል። ሁለቱም ወገን ለማጣደፍ ምክንያት እንዳይኖረው የመጠባበቂያው ዋጋ ከሥራ ሰዓቱ ያነሰ ሆኖ፣ ዜሮም ሳይሆን፣ ክሬኑ ከመነሳቱ በፊት ይቆረጣል። ሥራ የሚያቆመውም ኦፕሬተሩ መሆኑ፣ በማቆሙም ከደመወዙ እንደማይቀነስበት በዚያው አንቀጽ ይገባል።